ለቤታችሁ ወለል የተፈጥሮ ድንጋይ ስትመርጡ፦ በውጭ ለምትኖሩ ወገኖች

ውድ ወገኖች፣ በምትኖሩበት አገር ቤት የገዛችሁ ወይም የቆየ ቤት የምታድሱ ብዙዎች ወለሉን የተፈጥሮ ድንጋይ ለማልበስ ታስባላችሁ። ሐሳቡ መልካም ነው። በትክክል ተመርጦ በትክክል የተነጠፈ ድንጋይ ከእናንተ አልፎ ለልጆቻችሁ ይደርሳል፤ ፊቱ ሲያረጅ ተፍቆ እንደ አዲስ ይሆናል። በስህተት የተመረጠው ግን ዓመት ሳይሞላው ይደበዝዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ያዳልጣል። ነቅሎ ለማስጣል የሚወጣው ገንዘብም ለግዢው ከወጣው ብዙ አይተናነስም። አብዛኛው ሰው መሸጫው ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀለም ነው። እኔ የምመክራችሁ ቀለሙን ወደ መጨረሻ እንድታቆዩት ነው። ቀድማችሁ ድንጋዩ ከምን ማዕድን እንደተሠራ፣ ፊቱ እንዴት እንደተዘጋጀና የእናንተ ወለል ሊሸከመው ይችል እንደሆነ እወቁ። እነዚህ ከታወቁ በኋላ የሚቀሩላችሁ ድንጋዮች ጥቂት ስለሚሆኑ ቀለም መምረጡ ይቀላል።

ከማዕድኑ እንጀምር። ለወለል የሚቀርቡት ድንጋዮች በዋናነት በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። በአንዱ ጎራ ካልሳይት ወይም ዶሎማይት የሚባሉ ማዕድናት የበዙባቸው አሉ፦ እብነ በረድ፣ የኖራ ድንጋይና ትራቨርቲን። በሌላው ጎራ ኳርትዝና ፌልድስፓር የመሳሰሉ ጠንካራ ማዕድናትን የያዙት ግራናይት፣ ኳርትዛይትና ባዛልት አሉ። ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ፣ በሞስ፣ ካልሳይት 3፣ ፌልድስፓር 6፣ ኳርትዝ 7 ናቸው። ከጫማችን ጋር ተጣብቆ ቤት የሚገባው አሸዋ አብዛኛው ኳርትዝ ስለሆነ፣ በእብነ በረድ ላይ በተራመድን ቁጥር አሸዋው ፊቱን ይጭረዋል። ግራናይት ላይ ግን ያን ያህል ጉዳት አያደርስም። በመግቢያ በርና በምግብ ማብሰያ መካከል የሚመላለሰው ሰው ብዙ ከሆነ በተወለወለ እብነ በረድ ላይ የመተላለፊያው መስመር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደብዝዞ ይታያል።

ሁለተኛው የካልሳይት ጠላት አሲድ ነው። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ወይን ጠጅ፣ ቲማቲምና ለስላሳ መጠጥ ካልሳይትን ያሟሙታል። ፈሳሹ ከተጠረገ በኋላ የሚቀረው ፈዘዝ ያለ ክብ ምልክት ዕድፍ አይደለም፤ የድንጋዩ ፊት የተበላበት ቦታ ነው። ስለዚህ በምንም ሳሙና አይለቅም። የሚጠፋው ፊቱ ተፍቆ እንደገና ሲወለወል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ሻጩ «ሲለር የሚባል መከላከያ ስለሚቀባ አትስጉ» ይላችኋል። ሲለር ዘይትና ቀለም ያላቸው ፈሳሾች ወደ ውስጥ እንዳይሰርጉ ጊዜ ይሰጣችኋል እንጂ አሲድ ፊቱን እንዳይበላ አይከላከልም። በማብሰያ ቤታችሁ ውስጥ እብነ በረድ ወይም የኖራ ድንጋይ የምታነጥፉ ከሆነ ምልክት እንደሚያወጣ ተቀብላችሁ ግቡበት። ምልክቱ ከሚያንጸባርቀው ይልቅ በደብዛዛው አጨራረስ ላይ ብዙ አይታይም። ምልክት ማየት ለሚያበሳጨው ሰው ግራናይት ይሻለዋል።

በገበያ ላይ ያለው ስም ሁልጊዜ የድንጋዩን ማንነት አይናገርም። «ጥቁር ግራናይት» ተብለው የሚሸጡ ብዙዎቹ በሥነ ምድር ባለሙያ ዓይን ጋብሮ ወይም ዶለራይት ናቸው። ይህ አያሳስባችሁ፤ ለወለል ጥሩ ድንጋዮች ናቸው። አሳሳቢው «ኳርትዛይት» የሚለው ስም ነው። ነጭና ግራጫ መስመር ያለው ዶሎማይታዊ እብነ በረድ በዚህ ስም ሲሸጥ ይገኛል፤ ገዢው እንደ ግራናይት የሚጠነክር መስሎት ይወስደዋል። ማጣራቱ ቀላል ነው። የናሙናውን ያልተወለወለ ጠርዝ በመስታወት ጠርሙስ ላይ ጫን አድርጋችሁ ሳቡት። መስታወት በሞስ መለኪያ 5.5 አካባቢ ነው። እውነተኛ ኳርትዛይት መስታወቱን በግልጽ ይቦጫጭረዋል፤ እብነ በረድ ግን በጣት ሲጠረግ የሚለቅ ነጭ ዱቄት ትቶ ያልፋል። ከዚያ የናሙናውን ጀርባ በምስማር ፍቃችሁ በዱቄቱ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ካልሳይት ከሆነ አረፋ ያወጣል፤ ዶሎማይት ከሆነ ግን በኮምጣጤ አረፋው እጅግ ደካማ ስለሆነ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ስለዚህ የበለጠ የምትተማመኑበት የመስታወቱ ሙከራ ይሁን።

ጥቁር ድንጋይ ስትገዙ አንድ ተጨማሪ ሙከራ አድርጉ። አንዳንዱ ግራጫ ሆኖ ሳለ በቀለም ወይም በዘይት ጠቁሮ ይሸጣል። ነጭ ጨርቅ በአሴቶን አርጥባችሁ ፊቱን እሹት። ጨርቁ ከጠቆረ ያ ድንጋይ ከጊዜ በኋላ እየገረጣ ስለሚሄድ ተዉት።

ናሙናን በተመለከተ፣ መሸጫው ውስጥ ባለው ኃይለኛ መብራት ሥር ተመልክታችሁ አትወስኑ። ሁለትና ሦስት ቁራጭ ለምናችሁ ወይም ገዝታችሁ ወደ ቤት ውሰዱ። ቁራጩ በምትገዙት አጨራረስ የተሠራ መሆን አለበት፤ የተወለወለ ናሙና ስለ ደብዛዛው ድንጋይ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። ሲለር ያልተቀባ ናሙና ላይ የውሃ ጠብታ አኑሩና 15 ደቂቃ ጠብቁ። ሥሩ ከጠቆረ ድንጋዩ ፈሳሽ ይመጥጣል ማለት ነው። በሌላ ቦታ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት። የሎሚ ጭማቂ 10 ደቂቃ አቆይታችሁ ጥረጉና ከመስኮት በሚመጣ ብርሃን በአግድም ተመልከቱ። በቁልፍ ጫፍ ጫሩት። ውሃ አፍስሳችሁ በባዶ እግር፣ ከዚያም በካልሲ ርገጡት። ድንጋዩ በቤታችሁ ውስጥ ለዓመታት የሚገጥመውን ሁሉ በአንድ ቀን ታዩታላችሁ። ትንሽ ናሙና የቀለሙን ልዩነት ስለማያሳይ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የምትወስዱት ክምችት ራሱ ተከፍቶ ከተለያዩ ካርቶኖች ጥቂት ጥቂት እንዲዘረጋላችሁ ጠይቁ።

ወረቀቱንም ጠይቁ። በአውሮፓ ለምትኖሩ እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን ንጣፍ በአውሮፓው የጥራት ደረጃ በኢኤን 12057፣ ከዚያ የሚወፍረው የወለልና የደረጃ ድንጋይ በኢኤን 12058 ደረጃ ሥር ይሸጣል። ሻጩ የአፈጻጸም መግለጫ ሊያሳያችሁ ይገባል፤ በውስጡም ድንጋዩ ውሃ የመምጠጡ፣ የመቧጨሩ፣ የማዳለጡና በረዶ የመቋቋሙ ውጤት ይገኛል። በሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ኤኤስቲኤም በሚባለው የአሜሪካ የደረጃ መለኪያ የተገኘውን ውጤት ጠይቁ። በዚያ መለኪያ ግራናይት በክብደቱ ከ0.4 በመቶ በላይ፣ እብነ በረድ ከ0.2 በመቶ በላይ ውሃ መምጠጥ የለበትም። የኖራ ድንጋይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጥቅጥቅ ያለው እስከ 3 በመቶ፣ ልል የሆነው እስከ 12 በመቶ ውሃ ይመጥጣል። ሁለቱም «ላይምስቶን» ተብለው ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን እመኑ።

አሁን ወደ ፊቱ አጨራረስ። እንደ መስታወት የተወለወለው ቀለሙን አድምቆ ያሳያል፤ ነገር ግን ጭረትና የአሲድ ምልክት ይጎላበታል፣ ሲረጥብም ያዳልጣል። ደብዛዛው፣ ማለትም ተፍቆ ለስልሶ ሳይወለወል የቀረው፣ ለአብዛኛው ቤት የተሻለ ምርጫ ነው። በእሳት የተለበለበ ግራናይት ሻካራ ስለሆነ ለውጭ ደረጃና ለበረንዳ ይሆናል። በብሩሽ የተፋቀው በሁለቱ መካከል ነው፤ እግር ይይዛል፣ ለማጽዳትም አያስቸግርም። ስሌት (slate) የሚባለው ድንጋይ በተፈጥሮው እየተሰነጠቀ የሚወጣ ፊት ስላለው መልኩ ያምራል፤ ደካማው ዓይነት ግን እየተላጠ ይወጣል። የናሙናውን ጠርዝ በጥፍራችሁ ሞክሩት፤ ቅርፊቱ ከተነሣ አትግዙት።

ማዳለጥን በዓይን መገመት ስለማይቻል ቁጥር ጠይቁ። በሚወዛወዝ ክንድ ማዳለጥን በሚለካው የፔንዱለም ሙከራ እርጥብ ወለል 36 እና ከዚያ በላይ ካመጣ የመውደቅ አደጋው ዝቅተኛ ነው ይባላል። በአሜሪካ በሚሠራበት የዲሲኦኤፍ (የሰበቃ መለኪያ) ሙከራ ውሃ የሚነካው የቤት ውስጥ ወለል ቢያንስ 0.42 ማምጣት አለበት። ለገላ መታጠቢያ ከዚህም በላይ የሆነ ፈልጉ፤ ንጣፉንም በትናንሽ ቁራጮች አድርጉት። መጋጠሚያው በበዛ ቁጥር እግር የሚይዝበት ይበዛል፣ ወለሉንም ወደ ማፍሰሻው ማዘንበል ይቀላል። አረጋዊ ወላጅ ወይም ሕፃን ያለበት ቤት የተወለወለ ድንጋይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ለመታጠቢያ ቤት ነጭ እብነ በረድ ለሚያስቡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአንዳንዱ ነጭ እብነ በረድ ውስጥ ጥቂት ብረት አዘል ማዕድን ይገኛል። ሁልጊዜ ሲረጥብ ብረቱ ይዝጋል፤ ድንጋዩም ከውስጥ ወደ ቢጫና ቡናማ ይለወጣል። ይህ ከላይ የመጣ ዕድፍ ስላልሆነ ማውጣቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ትራቨርቲን ደግሞ በተፈጥሮው ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው በሲሚንቶ ወይም ሬዚን በሚባል ሙጫ ተሞልቶ ይሸጣል፤ ወንበር በሚጎተትበትና ሹል ተረከዝ በሚበዛበት ቦታ ሙሊቱ እየወደቀ አዳዲስ ቀዳዳ ይታያል። ቀዳዳውን መልሶ መሙላት ይቻላል፤ ሥራው ግን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም።

በረዶ በሚጥልበት አገር ያላችሁ ለመግቢያ በሩ ልዩ ትኩረት ስጡ። ውሃ ሲቀዘቅዝ ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውጭ ባለው ደረጃ ላይ ውሃ የሚመጥ ድንጋይ ካለ ውስጡ የገባው ውሃ እየቀዘቀዘ ይፈነቅለዋል። መንገድ ላይ የሚረጨው ጨውም በጫማ ይገባና በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ደርቆ እንደገና ወደ ጠጣርነት ሲለወጥ ፊቱን እያፈረሰ ያራግፈዋል። በተለይ ልል የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ይህን አይችሉም። ለመግቢያው ግራናይት ወይም ባዛልት አድርጉ፤ ከውስጥም ከውጭም ጫማ መጥረጊያ ምንጣፍ ይኑር።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚዘነጋው ድንጋዩ የሚቀመጥበት ወለል ነው። ድንጋይ ሸክም ይችላል እንጂ መለመጥ አይችልም። ቤታችሁ በኮንክሪት ወለል ላይ ከሆነ ችግሩ ትንሽ ነው፤ ኮንክሪቱ መድረቁንና ስንጥቅ አለመኖሩን ማጣራት ይበቃል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙው ቤት ግን ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች ናቸው። በሰሜን አሜሪካ የሚሠራበት መለኪያ ለሴራሚክ ወለሉ ከርዝመቱ 360ኛ እጅ በላይ እንዳይለመጥ፣ ለተፈጥሮ ድንጋይ ግን ከ720ኛ እጅ በላይ እንዳይለመጥ ይጠይቃል። አግዳሚው እንጨት ከድጋፍ እስከ ድጋፍ 3.6 ሜትር ቢረዝም፣ ሴራሚክ 10 ሚሊ ሜትር መለመጥን ሲፈቅድ ድንጋይ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይፈቅዳል ማለት ነው። ስለዚህ ቀድሞ ሴራሚክ የተነጠፈበት ወለል ድንጋይ ይችላል ብላችሁ አትደምድሙ። በእንጨት ወለል ላይ ሁለት ንብርብር ፕላይዉድ፣ በላዩም ሲሚንቶ ቦርድ ወይም ንጣፉን ከእንጨቱ እንቅስቃሴ የሚለይ ሜምብሬን ያስፈልጋል።

ክብደቱንም አስሉ። እብነ በረድና ግራናይት በኪዩቢክ ሜትር 2,700 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በካሬ ሜትር 32 ኪሎ ይሆናል፤ 20 ሚሊ ሜትሩ 54 ኪሎ። ለ25 ካሬ ሜትር ክፍል ቀጭኑ እንኳ 800 ኪሎ ነው፤ ማጣበቂያውና ሲሚንቶ ቦርዱ ሲጨመሩ ከ1 ቶን ሊያልፍ ይችላል። የእንጨት ወለል ከሆነ የሕንፃ መሐንዲስ ይየው። አፓርታማ ውስጥ ከሆናችሁ ከሥር ላለው ጎረቤት ድምፅ ስለሚተላለፍ የሕንፃው አስተዳደር ምን ዓይነት ድምፅ ማገጃ እንደሚጠይቅ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አግኙ። ንጣፉና ማጣበቂያው ብቻ ወለሉን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደርጉታል፤ ከሥር ቦርድ ሲገባ ደግሞ ከዚያ በላይ። በሮች መቆረጥ ይኖርባቸዋል፣ ከአጠገብ ክፍል ጋር ያለው ደፍ ይለወጣል፣ ከመደርደሪያ ሥር የተሰካው የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ታፍኖ አልወጣ ሊል ይችላል።

መጠኑን ለማዘዝ ካሬ ሜትሩን ለክታችሁ ቀጥ ብሎ ለሚነጠፍ 10 በመቶ፣ በሰያፍ ለሚነጠፍ 15 በመቶ ጨምሩ። 6 ሜትር በ5 ሜትር ለሆነ ክፍል 33 ወይም 34.5 ካሬ ሜትር ይሆናል። ትልልቅ መስመር ያለው እብነ በረድ መስመሩ እንዲገጥም የሚጣለው ስለሚበዛ እስከ 20 በመቶ ያዙ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ክምችት ውሰዱ። ድንጋይ ከካባው እየወጣ ሲሄድ መልኩ ይለዋወጣል፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው በስም አንድ ሆኖ በቀለም ሌላ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቢያንስ አንድ ካርቶን ለጥገና አስቀምጡ።

አንጣፊው ሲመጣ በውሉ ላይ የሚከተሉት ይጻፉ። ከ38 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም ንጣፍ ከሆነ ከሥሩ ያለው ወለል በ3 ሜትር ርዝመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መበላለጥ የለበትም። ካልተስተካከለ የአንዱ ንጣፍ ጠርዝ ከሌላው ከፍ ይላል፤ እግር ይሰናከልበታል፣ ጠርዙም ይሸረፋል። ለነጭና ፈዛዛ ድንጋይ ማጣበቂያው ነጭ ይሁን፤ ግራጫው ሲሚንቶ ከሥር እየታየ ድንጋዩን ያጠቁረዋል። ማጣበቂያው ከንጣፉ ጀርባ ቢያንስ 95 በመቶውን መሸፈን አለበት። አምስት ቦታ ጠብ ጠብ አድርጎ የሚለጥፍ አንጣፊ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ፤ ክፍተት ያለበት ቦታ ከባድ ዕቃ ሲወድቅበት ይሰበራል። ለማጣራት በሥራው መካከል አንድ ንጣፍ አስነሥታችሁ ጀርባውን ተመልከቱ።

ጀርባው በመረብና በሙጫ የተጠናከረ ድንጋይ ከሆነ መደበኛው የሲሚንቶ ማጣበቂያ ሙጫው ላይ በደንብ አይዝም፤ ኤፖክሲ የሚባለው ውሃ የሌለበት ጠንካራ ማጣበቂያ ያስፈልጋል። «አረንጓዴ እብነ በረድ» ተብሎ የሚሸጠው ሰርፐንታይንም እንዲሁ ነው፤ ከውሃ ጋር በተበጠበጠ ማጣበቂያ ላይ ሲቀመጥ ይቆለመማል። በማግሥቱ ማዕዘኖቹ ተነሥተው ይታያሉ፤ ለማስተካከል ጊዜው ያኔ አልፏል።

አንጣፊው ሳይለጥፍ በፊት ንጣፎቹን ከሦስት ከአራት ካርቶን እያቀላቀለ ወለሉ ላይ በደረቁ ይዘርጋቸው። እናንተም ቆማችሁ እዩ። የማትወዱትን ቁራጭ ወደ ጥግ ወይም ወደ መደርደሪያ ሥር ማዛወር የሚቻለው ያን ሰዓት ነው። በንጣፎቹ መካከል ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀመጥ። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ላለ ክፍተት አሸዋ የሌለበት ግራውት (የመጋጠሚያ መሙያ) ይጠቀም፤ አሸዋው የተወለወለ እብነ በረድን ይጭራል። ውሃ በሚመጥ ድንጋይ ላይ ከግራውቱ በፊት አንድ ዙር ሲለር ይቀባ፤ አለዚያ የግራውቱ ቀለም በየንጣፉ ጠርዝ ሰርጎ እንደ ክፈፍ ይቀራል። በግድግዳው ዙሪያ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሳይሞላ ይቀር፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። በትልቅ ክፍል ውስጥ ከ6 እስከ 7.5 ሜትር ባለው ርቀት ሁሉ፣ ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ወለል ላይ ደግሞ ከ2.4 እስከ 3.7 ሜትር ባለው ርቀት፣ በግራውት ፋንታ የሚለጠጥ ማሸጊያ ይግባ። ይህን የሚዘሉ አንጣፊዎች ብዙ ናቸው፤ በበጋ ወለሉ ሲያብጥ መሀሉ ተነሥቶ ሲፈነዳ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ከወለል ሥር ማሞቂያ ለምታስገቡ ድንጋይ ከእንጨት እጅግ የተሻለ ሙቀት አስተላላፊ ነው። ማሞቂያው ማጣበቂያውና ግራውቱ በደንብ ሳይጠነክሩ አይከፈት፤ ሲከፈትም በየቀኑ ጥቂት ዲግሪ ብቻ እየጨመራችሁ አድርሱት። ድንጋይ ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ለሳንባ እጅግ ጎጂ የሆነ ሲሊካ ሊኖረው ስለሚችል ቆረጣው በውሃ፣ ከቤት ውጭ ይሁን፤ ልጆችም ከአካባቢው ይራቁ።

ከተነጠፈ በኋላ ወለሉን በፕላስቲክ አትሸፍኑ፤ ከሥር የሚወጣው እርጥበት ታፍኖ ድንጋዩን ያዥጎረጉረዋል። አየር የሚያስወጣ ወፍራም ወረቀት አንጥፉ። የመጨረሻው ሲለር የሚቀባው ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው። ወደ ውስጥ የሚሰርገውን ዓይነት ምረጡ፤ ከላይ እንደ ቫርኒሽ የሚቀመጠው ይጫጫራል፣ በየጊዜው ተልጦ መውጣት ይኖርበታል። ዳግመኛ መቼ እንደሚቀባ የሚነግራችሁ የውሃ ጠብታ ነው። ጠብታው እንደ ዶቃ ቆሞ ከቆየ ሲለሩ አለ፤ በጥቂት ደቂቃ ሥሩ ካጠቆረ ጊዜው ደርሷል።

ለየዕለቱ ጽዳት በለስላሳ መጥረጊያ አሸዋውን ማስወገድ፣ ከዚያ አሲድም አልካሊም ያልሆነ የድንጋይ ሳሙና በጥቂቱ በውሃ በጥብጦ መወልወል ይበቃል። ኮምጣጤና የመታጠቢያ ቤት የኖራ ማስለቀቂያ እብነ በረድን ይበሉታል። የዝገት ማስለቀቂያ ስትገዙ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለበት እንዳይሆን ምልክቱን አንብቡ፤ እርሱ ግራናይትንም ያበላሻል፣ ለሰውም አደገኛ ነው። ዘይት ሰርጎ ከጠቆረ የመጋገሪያ ሶዳ በጥቂት ውሃ እንደ ወፍራም ሊጥ አቡክታችሁ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ለጥፉበት፤ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ጠርዙን በቴፕ አሽጉና 24 ሰዓት አቆዩት። ከዚያ ፕላስቲኩን አንሡና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ሶዳው ሲደርቅ ዘይቱን እየሳበ ያወጣዋል። በፈዛዛ ድንጋይ ላይ ለወረደ የቡና ወይም የሻይ ዕድፍ በውሃው ፋንታ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አድርጉ፤ ጥቁር ድንጋይን ግን ሊያነጣው ስለሚችል በእርሱ ላይ አትሞክሩት። አንድ ጊዜ ካልበቃ ሁለቴና ሦስቴ ይደገማል።